ኮሌታውንና እጅጌውን የለያየው ወንድሜ

ወንድሜ ሎምባሞ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው እትዬ ጥሩነሽን አስለቀሳት። ከዚያ በፊት ሰው ሲያስለቅስ አይቼው አላውቅም።

ረቡዕ ነበር። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደከበደ ውሎ ሳይዘንብ የመሸበት ረቡዕ። ያን ቀን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ምልክት ፈልጌበታለሁ፤ ክፉ ሕልም ያየ ሰው፣ ሳይሰናበት የቀረ ሰው፣ የሆነ ነገር። ምንም የለበትም። ስፌት መኪኖቹ እንደ ወትሮው ይጮኻሉ። እኔ ካውያው ውስጥ ከሰል እጨምራለሁ። ጋሽ ተክሌ ጥጋቸውን ይዘው የገባውንም የወጣውንም ይተቻሉ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የተማሪ ሸሚዝ ተዘርግቷል። እትዬ ጥሩነሽ ከመቁረጡ እስከ ቁልፉ ድረስ ብቻዋን የሰፋችው የመጀመሪያ ልብስ ነው። የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥማዋለች።

"ተርትሪው" አላት ወንድሜ።

"ጋሽ ሎምባሞ፣ በእግዚአብሔር! አንተ ብትነካው እኮ አሁን ያልቃል።"

"እኔ አልነካውም።"

"ምን በድዬህ ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ኮሌታ ስሰፋ አንድ ቀን ተጣሞብኝ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ሁኚ ነው የምትለኝ?"

"ልብስ ሰፊ ሁኚ ነው የምልሽ።"

እንባዋ ሸሚዙ ላይ ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና መተርተር ጀመረች። ጋሽ ተክሌ ከጥግ ሆነው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ሊቀመንበር ሰው ሲወድ እንዲህ ነው። እኔንማ በጣም ከመውደዱ የተነሳ ኪስ ላይ አስቀመጠኝ" አሉ። ሰው ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ወደ ማምሻው ሸሚዙን ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። ወንድሜ አነሳውና ገለበጠው። ልብስ የሚያየው ሁልጊዜ ከውስጥ በኩል ነው፤ ከውጭማ ሁሉም ያምራል ይል ነበር። ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየተከተለ ከብብቱ እስከ ጠርዙ ወረደ። ከዚያ አጣጥፎ መለሰላት።

"ቅዳሜ መሄድ ትችያለሽ" አላት።

ለማያውቅ ሰው ይህ ማባረር ይመስላል። አልነበረም። ምን ማለቱ እንደነበር ለመናገር ግን ወደኋላ መመለስ አለብኝ። ነገርን በቅደም ተከተል ማውራት አልችልበትም፤ እሱ ነበር የሚችለው። እስቲ ልሞክር።

ሎምባሞ የእናታችን የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ እኔ የመጨረሻው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ሆሳዕና ገበያ ዳር አንድ ሰው በረንዳ ላይ ስፌት ተማረ። እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰኝ ያንን ፔዳል እየረገጠ ነው። ማትሪክ ተፈትኜ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ምንም አላለኝም። በማግስቱ ካውያውን ሰጠኝ፣ በቃ። ጋሽ ተክሌ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው "ማትሪክ" ይሉኝ ጀመር።

ማኅበሩ የተመሠረተው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ደርግ በየበረንዳው የሚሰፋ ሁሉ ተደራጅቶ በአንድ ቤት ይሥራ አለ። ከገበያው ጀርባ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ተሰጣቸው። ስፌት መኪና ያለው መኪናውን ይዞ፣ የሌለው እጁን ይዞ ገባ። ሊቀመንበር ይመረጥ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ተክሌ ዞረ። ጋሽ ተክሌ በወጣትነታቸው ከሰሜን ከአንድ ሹም ጋር የመጡ፣ ለአውራጃው ባለሥልጣን ሁሉ ሱፍ የሰፉ፣ በእጃቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው። ግራና ቀኝ አይተው፣ "ለዚህ ወጣት ስጡት። ቢታሰርም ይችለዋል" አሉ። ወንድሜ በዚህ ዓይነት ተመረጠ።

መጀመሪያ ያገኙት ትልቅ ሥራ የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነበር። ጨርቁን ተካፈሉና እያንዳንዱ በሚያውቀው መንገድ ሰፋ። ልጆቹ ለብሰው ሲሰለፉ የአንዱ ኮሌታ እስከ ትከሻው ይደርሳል፣ የሌላው አንገቱ ላይ የለም። ርዕሰ መምህሩ አዳራሹ ድረስ መጡ።

"ይህ የተማሪ ሰልፍ ነው ወይስ የገበያ ቀን? እናንተ ሰዎች ታሾፋላችሁ? መንግሥት ያደራጃችሁ ለዚህ ነው?" እያሉ ብዙ ተናገሩ።

ወንድሜ አንድ ልማድ ነበረው። የተቆጣ ሰው ሲመጣበት አይከራከርም። የሚያሰምርበትን ሳሙና ጆሮው ላይ ይሰካና "እባክዎ፣ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ" ይላል። እውነቱን ነው፤ ማሾፉ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ደገሙት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አጠረ። "አንድ ጊዜ ብቻ" አላቸው አሁንም። ሦስተኛው ላይ ሰውየው ተንፍሰው፣ "ወንድሜ፣ ኮሌታቸው አንድ ዓይነት ይሁን። ሌላ ምንም አልፈልግም" አሉ።

"አሁን ገባኝ" አለ ወንድሜ።

ያን ሰሞን ጠፍቶበት ነበር፤ እንዴት አድርጎ የሁሉን እጅ አንድ እጅ እንደሚያደርገው። መልሱን ያገኘው እናታችን ጓሮ ነው። እንሰት የሚፋቅበት ቀን ነበር። እንሰት መፋቅ በእኛ ዘንድ የሴቶች ሥራ ነው፤ ወንድ እዚያ አይደርስም። እሱ ግን ለሌላ ጉዳይ ሄዶ ከአጥሩ በስተጀርባ ቆመና ማየት ጀመረ። አንዷ ግንዱን ትገነጥላለች። አንዷ ሰሌዳው ላይ አጋድማ ትፍቃለች። አንዷ አሚቾውን፣ የእንሰቱን ሥር፣ ትከትፋለች። ሌላዋ ትጨምቃለች። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ይፈሳል። ሴቶቹ ሲያዩት ጊዜ ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

"ሎምባሞ! መፋቂያ እናቀብልህ? ቀሚስስ አለህ?" እያሉ ልጣጭ ወረወሩበት። ሮጠ። ግን የሚፈልገውን ይዞ የሮጠ መሰለው።

ሰኞ አዳራሹን ገለባበጠው። የሚቆርጥ ሰው ይቆርጣል ብቻ። እጅጌ የሚሰፋ እጅጌ፣ ጎን የሚገጥም ጎን። እትዬ ጥሩነሽ ያኔ አዲስ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ የመጣች፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የምትችል። ኮሌታ ሰጣት። ለጋሽ ተክሌ ኪስ ደረሳቸው።

"ኪስ? ለእኔ?" አሉ። "የአውራጃ አስተዳዳሪ ኮት የሰፋሁት ሰውዬ?"

"ኪስ ከባድ ነው፣ ጋሽ ተክሌ። ከእርስዎ በቀር ለማን ልስጠው?"

"እንዲያ ከሆነ ማዕረጉን ስጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ የኪስ ሚኒስትር ነኝ።"

ሥራው ተሳካ። በጣም ተሳካ። ኮሌታው ሁሉ አንድ ሆነ። ከዶዮገናም፣ ከሺንሺቾም፣ ከሀቢቾም ትምህርት ቤቶች መጡ። ጨርቅ በኮታ በሚታደልበት ዘመን ወንድሜ ከአንድ ጣቃ ሌላው የማያወጣውን ሸሚዝ ያወጣ ነበር፤ ቁርጡ በአንድ እጅ ስለሆነ ብጣሽ አይተርፍም። መኪኖቹ ሲጮኹ መዝሙር ያንጎራጉራል። ደርግ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶችን ያሸገበት ጊዜ ስለነበር ጮክ ብሎ አይዘምርም። መኪኖቹ ድንገት ጸጥ ሲሉ እሱም ጸጥ ይላል። ይህን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ሲወራ ሁሉም ያውቁ ኖሯል።

አንድ ቀን ከአውራጃው አንድ ጓድ ለጉብኝት መጣ። አሠራሩን ወደደው፤ ጠያየቀ፤ አጨበጨበም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዓይኑ ቆመ። ልኬት የምናወጣው ከአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ሱሪው በጋዜጣ ተቆርጦ ተቀምጧል፤ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ፎቶግራፍ እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አርፏል።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ ጓዱ።

የአንድም መኪና ድምፅ የለም። ጋሽ ተክሌ ኪስ አጎንብሰው ያያሉ።

"ጓድ፣ ሌላ ወረቀት አጥተን ነው" አለ ወንድሜ። "ደግሞ ይህኛው አይቀደድም። ደጋግመን ብናሰምርበትም ይችላል። ጠንካራ ነው።"

ጓዱ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረገው። "ጠንካራ ነው" አለና ወጣ።

ከሄደ በኋላ ጋሽ ተክሌ፣ "ሎምባሞ፣ ሌላ ጊዜ ስታሳስረን ቢያንስ በኮት ይሁን። በሱሪ ታሰረ ከምባል ሞቴን እመርጣለሁ" አሉ። እንዲህ ነበር የምንስቀው። እየፈራን።

ዓመታት በዚህ ሄዱ። ከዚያ የመስቀል ሰሞን መጣ፤ አገሩ በሙሉ ለልጆቹ አዲስ ልብስ የሚያሰፋበት ወቅት። ጋሽ ተክሌ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያስጠግኑ ሰዎች በር ላይ ተሰልፈውላቸዋል። ወንድሜ ሲወጣ እትዬ ጥሩነሽ ሰልፉ ውስጥ ቆማለች። በክንዷ የትንሹን ልጇን ሱሪ ይዛለች።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" አላት።

"የልጄን ሱሪ ላስቆርጥለት ነው። ተራ ይዤ።"

"አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽም እንዴ?"

"ኧረ እኔ የኮሌታ ነኝ" አለች።

ሰልፉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ወንድሜ አልሳቀም። ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ። የሆነ ሰው ከጀርባው ስሙን የጠራው ይመስል ነበር።

ያን ዕለት ተያይዘን እናታችን ቤት ሄድን። እንደተቀመጠ፣ በሀዲይኛ፣ "እማዬ፣ እንሰት ስትፍቁ የምትፍቀው ሁልጊዜ አንዷ ናት?" ብሎ ጠየቃት።

እናታችን እንደ ሞኝ አየችው። "ክንዷ ይቆረጥ እንዴ? ሲደክማት ትነሳለች፤ የምትጨምቀው ትቀመጣለች። ሁላችንም ሁሉንም እናውቃለን።"

"እኔ ያየሁ ጊዜ ግን እያንዳንዷ በቦታዋ ነበረች።"

"አንተን እኮ አባረርንህ!" ብላ ሳቀች። "ግማሹን አይተህ ነው የሮጥከው።"

ተሰናብተናት ተመለስን። ቤታችን ልንደርስ ስንል፣ "ዳዊት፣ ግማሹን ነው ያየሁት" አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ መቀያየር ጀመሩ። ኮሌታ የለመደ ወደ እጅጌ፣ እጅጌ የለመደ ወደ መቁረጥ። ሥራው ተበላሸ። ትምህርት ቤቶች ዘገያችሁብን ብለው ይልካሉ። አባላቱ አጉረመረሙ፤ የሚሄድ ነገር ለምን ይነካል? ጋሽ ተክሌም፣ "እጄ ኪስ ሆኖ ካረጀ በኋላ ኮት ልትመልሰው ነው? ጡረታ ልወጣ ስል?" አሉት። ወንድሜ እያንዳንዱን "ደግመህ ንገረኝ" እያለ ሰማ፤ ግን ከሐሳቡ አልተመለሰም። እኔ ራሴ ተቃውሜዋለሁ። ሊቀመንበርነቱን ሊወስዱበት ነው ብዬ ፈርቼ።

እንዲህ ስንንገታገት ነው ቅይጥ ኢኮኖሚ የሚባለው በሬዲዮ የታወጀው። ማኅበር መቆየት የፈለገ ይቆይ፣ ንብረቱን ተካፍሎ መውጣት የፈለገ ይውጣ ተባለ። በየአገሩ ማኅበሩ ሁሉ በቀናት ሲፈርስ ሰማን። እኛም ቤት ጋሽ ተክሌ ሬዲዮው ሳይዘጋ ብድግ አሉ።

"መኪናዬን ስጠኝ" አሉት።

"የእርስዎ ነው። ግን ጥቂት ይጠብቁኝ።"

"ለምን? ይህን ሁሉ ዓመት ጠበቅሁህ! ሰው በኪስ ይቀበራል?"

"እርስዎ ዛሬ ቢወጡ ነገ ሱፍ ይሰፋሉ። ጥሩነሽ ነገ ምን ትሰፋለች? ኮሌታ ተሸክማ ገበያ ትውጣ?"

እትዬ ጥሩነሽ አንገቷን ደፋች።

"እንዲህ ያደረግኋት እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ። "እሷን ብቻ አይደለም፤ ግማሹን ቤት። አሁን ከፈረስን ሥራ የሚያውቀው ይድናል፣ ሌላው ይጠፋል። ሁሉም አንድ ልብስ ከመቁረጡ እስከ ቁልፉ ብቻውን እስኪሰፋ ድረስ እንቆይ። የመጨረሻው ሰው የሰፋ ዕለት፣ በሚከተለው ቅዳሜ በሩን እከፍታለሁ። የሚሄድ የሚሠራበትን መኪና ይዞ ይሄዳል።"

"የመጨረሻው ሰው ይቺ ናት" አሉ ጋሽ ተክሌ ወደ ጥሩነሽ እያዩ። "መቀስ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል።"

"እንግዲያው ያስተምሯት።"

"እሳደባለሁ።"

"ይሳደቡ።"

ተሳደቡም። አስተማሯትም። ከእሷ በፊት ሌሎቹ አንድ በአንድ ጨረሱ። ለእትዬ ጥሩነሽ ሀቢቾ ያለች እህቷ በረንዳ ልትሰጣት ቃል ገብታላት ነበር፤ እዚያ ሰፈር ልብስ ሰፊ የለም። ይህን የነገረችው ለወንድሜ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከዳችን እንዳይሏት ፈርታ። ለእኔ ያወራኝ እሱ ነው። ከዚህ አዳራሽ ውጭ ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ መንገድ ይኑራት አይኑራት የሚለየው ያ ሸሚዝ ነበር። ለዚህ ነው እጅጌው ቢገለበጥ እንኳ ወንድሜ ያልነካላት።

ረቡዕ ማታ አዳራሹን ስንዘጋ ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ሁሉም ቢሄዱስ?"

"ቢሄዱ ሄዱ።"

"እኛስ?"

"የሚቀር ካለ ከሚቀረው ጋር እንሠራለን። መውጫ አጥቶ የሚቀመጥ ሰው ግን አልፈልግም። ይህን አንድ ጊዜ ሠራሁት፤ ይበቃኛል።" ቁልፉን ኪሱ ከተተና ትንሽ ቆመ። "ፈተናው ጥሩነሽ ናት። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሲያያት ይሉኝታ ይይዛትና ልቀር ነው ትላለች።"

"ታዲያ ምን ይደረግ?"

"እኔ እኖር የለ?" አለ።

ሐሙስ የሺንሺቾን ትምህርት ቤት ልብስ ይዞ ወጣ። የጭነት መኪናው ላይ፣ ከጆንያው በላይ ነው የተቀመጠው፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ከላይ የነበሩት አልተረፉም። ስለዚያ ቀን ሌላ መጻፍ አልችልም። ዓርብ ቀበርነው። አገር ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የማኅበሩ ሰዎች ተያይዘው ገቡ። ሁሉም ነበሩ። ጋሽ ተክሌ ከፊት ናቸው። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ አይጸናም፤ ደጋግመው ይመልሱታል። እናቴ አጠገብ ተቀመጡ።

"ተመካክረናል" አሉ። "ማኅበሩ አይፈርስም። ቅዳሜ የተባለው ቀርቷል። አንድም መኪና ከዚያ ቤት አይወጣም። ስሙን በሩ ላይ እናስጽፋለን። እኔም ኪሴን እሰፋለሁ።"

ሰዎቹ አዎ አዎ አሉ። አንዳንዱ አለቀሰ። እናቴ እጃቸውን ይዛ መረቀቻቸው።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር። ደስ አለኝ። ከሁሉም ይልቅ እኔ ነኝ ይህን የምፈልገው። ወንበሩ እንዳለ፣ ጠረጴዛው እንዳለ፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጦ፤ እሱ ጨርቅ ሊገዛ የወጣ እንዲመስል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

እትዬ ጥሩነሽ ከሰዎቹ ኋላ ቆማለች። እሷም አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነው። በሰልፉ ቀን "እኔ የኮሌታ ነኝ" ብላ የሳቀችው ሴት ፊት ነበር። እንዲህ ሆና እንደምትኖር ገባኝ። ማንም በግድ አይዛትም። የሞተ ሰው አክብራ ነው የምትቀረው።

ተነሳሁ። ሐዘንተኛ ተነስቶ አይሄድም፤ ሰው ሁሉ አየኝ። የአዳራሹን ቁልፍ ከእናቴ ለመንኩ። የወንድሜን ልብስ ስትቀበል ኪሱ ውስጥ አግኝታው ነበር። ምንም ሳትጠይቀኝ ሰጠችኝ።

ሰዎቹ ተከተሉኝ። በሩን ከፈትኩና ቀጥ ብዬ እትዬ ጥሩነሽ የምትሠራበት ስፌት መኪና ጋ ሄድኩ። ክሩን አወጣሁ፤ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አላቀቅሁ።

"አንተ ማትሪክ፣ ምን ልታደርግ ነው?" አሉ ጋሽ ተክሌ።

"ሀቢቾ ልወስደው ነው።"

"በሐዘንህ?"

"በሐዘኔ።"

"አሁን አይደለም እንዴ አይፈርስም ያልነው?"

መልስ መስጠት አልችልበትም፤ ከሰው ፊት ስናገር ቃል ይጠፋኛል። "ይድገሙልኝ" ማለት እንኳ አልመጣልኝም። "እሱ... ቅዳሜ መሄድ ትችያለሽ ብሏታል" ብቻ አልኩ። "እርስዎም ሰምተዋል።"

እትዬ ጥሩነሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ዳዊቴ ተው። ሰው ምን ይለኛል? አፈሩ ሳይደርቅ!"

"ሸሚዙን ጨርሰሻል" አልኳት። "ሰው የሚለውን ለእኔ ይበል።"

መኪናው ከእነ ብረት እግሩ ከባድ ነው። ብቻዬን አነሳሁና ተንገዳገድኩ። ጋሽ ተክሌ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሌላው በኩል ያዙት።

"እሷ ትሂድ" አሉ እያለከለኩ። "የእኔን ግን እንዳትነካ። እኔ የምሄደው ራሴ ስፈልግ ነው፤ ገባህ?"

ተሸክመን ወደ ሀቢቾ የሚሄድ የጭነት መኪና የሚቆምበት ደረስን። ቦታ የነበረው ላዩ ላይ ብቻ ነው። እግሬ መሰላሉ ላይ አልወጣ አለኝ። ጋሽ ተክሌ አይተውኛል፤ ጀርባዬ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ወጣሁ። እሷም ወጣች። በየጉድባው ስንነጥር ሁለታችንም ስፌት መኪናውን በእጃችን አቅፈን፣ ሳንተያይ ሄድን።

የእህቷ በረንዳ ጠባብ ነው፤ ወለሉ ዘንበል ያለ አፈር። ከሥሩ ድንጋይ አድርጌ እግሩን አስተካከልኩ። ክሩ መጀመሪያ አልገባላትም፤ ደግማ ሞከረችና ገባ። ገና ሳንጨርስ አንዲት ሴት ብብቱ የተቀደደ የልጅ ሸሚዝ ይዛ መጣች። እኔን አየችኝ፤ ወንድ ስለሆንኩ ይሆናል።

"አንተ ነህ የምትሰፋው?"

"እሷ ናት" አልኳት።

እትዬ ጥሩነሽ ሸሚዙን ተቀበለችና ገልብጣ ከውስጥ በኩል አየችው። ከዚያ ተቀመጠች።

እኔ ወደ ለቅሶዬ ተመለስኩ።